አንገቷ የማይወድቅ የጨርቅ አሻንጉሊት አሠራር

የመጀመሪያዋ የሸጥኳት አሻንጉሊት በሳምንቷ ተመለሰች። የገዛችኝ ደሴ ፒያሳ አካባቢ የምትሠራ ሴት ናት፤ ለልጇ ልደት ነበር የወሰደቻት። ከፌስታሉ አወጣቻትና የስፌት መኪናዬ ላይ አስደግፋ አስቀመጠቻት። የአሻንጉሊቷ ራስ ቀስ እያለ ደረቷ ላይ ድፍት አለ። «አሟት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ብሯን መለስኩላት። ማታ ቁጭ ብዬ ሳስበው ፊቷ ላይ ሦስት ምሽት አምሽቻለሁ። አንገቷ ላይ ግን አሥር ደቂቃ እንኳ አላጠፋሁም። ዛሬ መሥራት የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ዓይንና ስለ ከንፈር ነው። እኔ ደግሞ የማወራው ስለ ሙሌት ነው። አሻንጉሊት በፊቷ ትሸጣለች፣ በአንገቷ ትመለሳለች።

እዚህ የማሳያችሁ ቁመቷ 38 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ሹሩባ የተሠራች፣ ጥለት ያለው ቀሚስ የለበሰች ልጅ ናት። የስፌት መኪና ካላችሁ ጥሩ፣ ከሌላችሁም በእጅ ይሆናል። በትርፍ ሰዓት ከሆነ አንድ ሳምንት ያዙላት።

ምን ያስፈልጋል?

ገላዋ ከአቡጀዲ ነው። ግማሽ ሜትር ለሁለት አሻንጉሊት ይበቃል። ዋናው ነገር ጥጥ ብቻ መሆኑ ነው። ሻጩን ከመጠየቅ ይልቅ ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር መዝዛችሁ በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነድዳል፣ አመዱም በጣት ሲነኩት ብን ይላል። ፖሊስተር ያለበት ግን ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። እሱ ሻይም ቡናም አይዝላችሁም።

አዲስ አቡጀዲ ስታርች አለበት፤ ሲገዛ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚያ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ተኩሱት። ይህን ዘልላችሁ ብትሰፉ ኋላ ሲነከር ይሰበሰብና ቅርጹ ይጣመማል። ያረጀ የጥጥ አንሶላም ይሆናል። ለጀማሪ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ፤ የሚሰበሰበውን ያህል ተሰብስቦ ያለቀ ነው። ብቻ መሃሉ በመተኛት ብዛት ስለሚሳሳ ከዳርና ዳሩ ቁረጡ።

ለሙሌት ያረጀ የፋይበር ትራስ ይበቃል። ለፀጉር ጥቁር የሹራብ ክር። ለፊት የጥልፍ ክር። ከዚህ ሌላ ጠንካራ የስፌት ክር፣ ስፒል፣ ትንሽ ሹል መቀስ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም መርፌ፣ አንድ ያልተቀረጸ እርሳስ። ለልብሷ ደግሞ ገንዘብ አታውጡ። አመሻሹ ላይ፣ ሱቃቸውን ጠርገው ሳይዘጉ፣ ልብስ ሰፊዎች ዘንድ ሂዱ። «ጋሼ፣ ቁርጥራጭ አለ?» ነው እንጂ ሌላ ንግግር አያስፈልግም። እኔ እስከ ዛሬ ባዶ እጄን ተመልሼ አላውቅም።

ገላዋን መንከር

ነጭ አቡጀዲ ላይ የሰፋኋት ልጅ ገና ከዱቄት ማቡኪያ የወጣች ነበር የምትመስለው። ስለዚህ እነክራለሁ።

በሁለት ሊትር ውሃ አምስት የሾርባ ማንኪያ ሻይ ቅጠል አፍሉ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃችን የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ቆላ ካለ ሰው ይልቅ ጥቂት ደቂቃ ጨምሩበት። እኔ 20 ደቂቃ አንተከትከዋለሁ። ከዚያ በነጠላ ቁራጭ አጥልሉት። ቅጠሉ ካልወጣ ጨርቁ ላይ ማድያት ይሆናል። ጨርቁን መጀመሪያ በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ ግቡበት፤ ደረቁን ከነከራችሁት ዥንጉርጉር ይወጣል። ግማሽ ሰዓት ቀይ ያደርጋታል። ከመሸ ነክራችሁ እስኪነጋ ብትተዉት ቀይ ዳማ ትሆናለች። ጠይም ከፈለጋችሁ ከሻዩ በኋላ በአንድ ሊትር ውሃ አራት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ቡና አፍልታችሁ እንደገና ንከሩ። ከበረካ የተረፈውን አተላ ሞክሬዋለሁ፤ ቀለሙ ከቶና ጋር ሄዷል። ጥቁር ለማድረግ ግን አትድከሙ፤ ቡናማ የጥጥ ጨርቅ ግዙ።

እርጥብ ጨርቅ ከደረቁ ይልቅ ጠቆር ይላል። «በዛ» ብላችሁ ቶሎ አታውጡት። ድስቱ ደግሞ የዛገ ብረት አይሁን። የሻይ ቀለም ከብረት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል፤ ጠይም ስትጠብቁ አመድማ ይወጣላችኋል።

ማድረቁ ላይ አንድ የደረሰብኝን ላውራ። ሐምሌ ነበር። የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ውሎ ያድራል፣ የተሰጣ ልብስ ሁለት ቀን ይቆያል። እኔ ደግሞ ትእዛዝ አለብኝ። ኮምቦልቻ ሙቅ ናት ብዬ የነከርኩትን ጨርቅ አጣጥፌ በፌስታል ይዤ የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ፣ እህቴ ግቢ ላሰጣ። ስዘረጋው በየእጥፋቱ ጠቆር ያለ መስመር ሠርቷል። እህቴ አይታ «የሜዳ አህያ ልትሠሪ ነው?» አለች። እውነትም ከዚያ ጨርቅ የወጣው የሜዳ አህያ ነው። እናንተ ግን ጨምቃችሁ፣ አራግፋችሁ፣ ሳይታጠፍ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁ።

መቁረጥና መስፋት

ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካላንደር ለንድፍ ይመቻል፤ ወፍራም ነው፣ ጀርባው ነጭ ነው። ራስ፣ አንገትና ገላ አንድ ላይ አንድ ቁራጭ ናቸው። ወረቀቱን ለሁለት አጥፋችሁ ግማሿን ሳሉ፤ ስትከፍቱት ግራና ቀኟ እኩል ይወጣል። ልኬቱ ይህ ነው፦

ራስ፦ ቁመት 8፣ ወርድ 7.5 ሳንቲ ሜትር
አንገት፦ ቁመት 1.5፣ ወርድ 4
ገላ፦ ቁመት 12፣ ትከሻ ላይ 9፣ ዳሌ ላይ 10
እጅ፦ 14 በ4
እግር፦ 18 በ5፣ ጫፉ ወደፊት ትንሽ ቀልበስ ብሎ እግር እንዲመስል

የአንገቱን 4 ሳንቲ ሜትር አትቀንሱ። ወረቀት ላይ ወፍራም ይመስላል። ሲሞላ ግን ክብ ስለሚሆን ይቀጥናል። የእኔዋ በሽተኛ ሁለት ተኩል ነበረች፤ «ቆንጆ አንገት» ላወጣላት ብዬ።

አሁን ጨርቁን በሁለቱም አቅጣጫ ጎተት ጎተት አድርጉት። አንደኛው ወገን ይሳባል፣ ሌላው እምቢ ይላል። እምቢ ያለው ከራስ ወደ እግር ይሁን፣ የሚሳበው ወደ ጎን። ስትሞሏት ትወፍራለች እንጂ አትረዝምም።

ጨርቁን ለሁለት አጥፋችሁ ንድፉን በእርሳስ አስምሩበት፣ በስፒል ያዙት። ከዚያ ሳትቆርጡ መስመሩ ላይ ስፉ። አዎ፣ መጀመሪያ መስፋት፣ ቀጥሎ መቁረጥ። እንደ እጅ ያለ ትንሽ ነገር ቀድሞ ከተቆረጠ መኪና ሥር ይሸሻል፣ ጠርዙም ይተረተራል። የገላዋን ታችና የእጅና የእግሮቿን ላይ ክፍት ተዉ።

ስፌቱ ደቃቅ ይሁን፤ አንዱ ስፌት ከ2 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። በእጅ የምትሰፉ ወደፊት ብቻ አትሂዱ። አንድ እርምጃ ሄዳችሁ ግማሽ ተመለሱ፣ እንደገና ሂዱ። አንገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ድገሙ። ሙሌቱ ሲጠቀጠቅ መጀመሪያ የሚፈነዳው እሱ ነው።

ከመስመሩ 4 ሚሊ ሜትር እየተዋችሁ ቁረጡ። አንገቱ ከራስና ከትከሻ ጋር በሚገናኝባቸው አራት ማዕዘኖች ላይ በመቀስ ጫፍ ወደ ስፌቱ ጫር አድርጉ፣ ክሩን ሳትነኩ። ይህችን ከረሳችሁ ስትገለብጧት ማዕዘኑ ይሸበሸብና አንገቷ የአሮጊት ይሆናል። ጣቶች ከፈለጋችሁ እጁ ከተሞላ በኋላ በላዩ ሦስት መስመር ስፉበት። አንድ በአንድ የተቆረጡ ጣቶች ውበት አላቸው፣ ግን የመጀመሪያ ሥራ ላይ አልመክርም፤ መገልበጡ ብቻ ሰው ያስለቅሳል።

ሙሌት

እዚህ ጋ ቡናችሁን አፍሉ፤ ረጅሙ ሥራ ይህ ነው።

አሻንጉሊት በማንኛውም ነገር ይሞላል። ልጅ ሆነን የበቆሎ ቆረቆንዳ በጨርቅ ጠቅልለን፣ አዝለን፣ እሹሩሩ ብለን አሳድገናል፤ ሙሌትም አልነበራት። ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ያለችው፣ በሮማውያን ዘመን ግብፅ ውስጥ የተሠራች የበፍታ አሻንጉሊት ሆዷ ቁራጭ ጨርቅና ፓፒረስ ነው። ጀርመናዊቷ ኬተ ክሩዘ እ.ኤ.አ. በ1905 ለልጇ የመጀመሪያዋን አሻንጉሊት ስትሠራ ፎጣ ውስጥ አሸዋ ሞላች፤ የአሻንጉሊቷ ራስ ደግሞ ድንች ነበር። ኋላ በስሟ የሚጠራ ትልቅ የአሻንጉሊት ድርጅት አቋቋመች። ስለዚህ ፋይበር የለኝም ብሎ መቅረት የለም።

የተባዘተ ጥጥም ይሆናል፣ ክብደቱም ደስ ይላል። ጉዳቱ እያደር መተኛቱ ነው፤ ከታጠበም ቋጠሮ ይሠራል። ስፖንጅ ቀዳችሁ መሙላት ግን ተዉት። እያንዳንዱ ቁራጭ በቆዳዋ በኩል ይታያል፣ ኩፍኝ የወጣባት ትመስላለች።

ፋይበሩን መጀመሪያ በጣት ፈልቅቁት። የትራስ ፋይበር ሲያረጅ ይቋጠራል፤ ቋጠሮው ካልተፈታ ጉንጯ ላይ ይወጣል። የሎሚ ያህል ቆንጥራችሁ በእርሳሱ ድፍን ጫፍ ወደ አናቷ ግፉ። የሚቀጥለውን ከመጀመሪያው ጋር እንዲያያዝ አድርጋችሁ ጨምሩ። በአንድ ጊዜ ብዙ ከከተታችሁ በመካከሉ ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ዳር ዳሩን፣ ከዚያ መሃሉን ነው። በአውራ ጣታችሁ ግንባሯን ስትጫኑት እንደ ብርቱካን ጠንክሮ ሊመልሳችሁ ይገባል። እንደ ቲማቲም ከገባ ገና ነው።

ራሷ ሦስት አራተኛ ሲሞላ አቁሙ። አሁን የአንገት አጥንት ይገባል። ሁለት የአይስክሬም እንጨት ደርባችሁ በክር እሰሩ፣ በአቡጀዲ ስትሪሽያ፣ ማለትም በቀጭኑ በተቆረጠ ረጅም ቁራጭ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉ። ርዝመቱ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከራሷ መሃል ተነሥቶ በአንገቷ አልፎ እስከ ደረቷ ይደርሳል። የጨርቁ ጥቅል ለምን? ባዶ እንጨት ፋይበሩ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ጨርቅ የለበሰ ግን ይይዛል። ከገባ በኋላ በዙሪያው በጣም ትንንሽ ፋይበር፣ የሽምብራ ፍሬ ያህል፣ በግራም በቀኝም በፊትም በኋላም ጠቅጥቁ። ጣቴ እስኪቀላ የምለፋው እዚህ ላይ ነው። አንገቷ ላይ ያለው ጨርቅ ሽብሽብ ካለው አልሞላም ማለት ነው።

ለትንሽ ልጅ የምትሰጥ ከሆነ እንጨት አታስገቡ። የጨርቅ ስትሪሽያ እንደ ምንጣፍ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ፣ አውራ ጣት እስኪያክል፤ በክር ስፉትና እሱን አስገቡ። ትንሽ ይለሰልሳል፣ ግን ቀጥ አድርጎ ያቆማታል።

ከዚያ ደረቷን፣ ሆዷን ሙሉ። ሲያልቅ የገላዋን ታች በስፒል ዝጉና ፈትኗት፤ ወገቧን ይዛችሁ እስክስታ አስመቷት። ከልብ፣ እንደ ወሎ። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ራሷ አብሮ ከሄደ ደህና ነው። ወደ ኋላ ከተጣለ አውጡና ድገሙ። የእኔ ልጆች ይህን ፈተና ለእኔ ስለማይተዉልኝ እነሱ ናቸው የሚያስጨፍሩት።

እጆቿንና እግሮቿን እስከ አፋቸው አትሙሉ። ላይኛው 2 ሳንቲ ሜትር ባዶ ከሆነ ትቀመጣለች፣ እጇም ይታጠፋል። እግሮቹን በገላዋ ታች አስገብታችሁ አብራችሁ ስፉ። እጆቹን ትከሻዋ ሥር በስውር ስፌት አያይዙ፤ መርፌው አንዴ ከገላዋ አንዴ ከእጇ እጥፋት ውስጥ እየገባ ይሄዳል፣ ክሩ ሲሳብ ስፌቱ ይጠፋል።

ፊት

ጀማሪ ሁሉ ዓይን ወደ ግንባር ይሰቅላል። ዓይን የራስ መሃል ላይ ነው። ራሷ 8 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ከአናቷ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፤ ሕፃን እንድትመስል 4 ተኩል። በሁለቱ ዓይኖች መካከል አንድ ዓይን የሚያህል ቦታ ተዉ። ሳትሰፉ በፊት ራሱ ጥቁር የሆነ ስፒል ሁለቱንም ቦታ ላይ ሰክታችሁ ከሩቅ እዩአት። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስታንቀሳቅሱት ተቆጪዋ ሳቂ ትሆናለች። እኔ ስፒሉን ሰክቼ አድሬ ጠዋት ነው የምወስነው።

የጥልፍ ክር ስድስት ፈትል ነው፤ ሁለቱን ብቻ መዝዙ። ቋጠሮውን ከኋላ፣ ፀጉር በሚሸፍነው በኩል፣ አስገቡና መርፌውን በራሷ መሃል አሳልፋችሁ ዓይኗ ላይ አውጡ። ሲያልቅም ወደዚያው መልሱ። ፊቷ ላይ አንድም ቋጠሮ አይታይም። ረጅሙ መርፌ የተገዛው ለዚህ ነው። በዚሁ መንገድ የዓይኗን ጠርዝ በጠንካራ ክር 2 ሚሊ ሜትር ቆንጥጣችሁ ወደ ኋላ ቀስ ብላችሁ ብትስቡ ዓይኗ ጎድጎድ፣ አፍንጫዋ ከፍ ይላል። ብዙ አትሳቡ፤ ትከሳለች። አፍ ትንሽ ይሁን፤ ሦስት ስፌት ይበቃል። ለጉንጯ በጣቴ ቀይ የከለር እርሳስ ዱቄት እቀባለሁ።

ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ዶቃም ቁልፍም ዓይን አይሁን። ይነቀላል፣ ይዋጣል። ክር ብቻ።

አንዲት ደንበኛዬ በሃይማኖቷ ምክንያት ፊት የሌላት ነው የምትወስደው። መጀመሪያ ሥራ የቀለለልኝ መስሎኝ ነበር። ዓይን የሚያርፍበት ሌላ ነገር ስለሌለ ግን ሙሌቷ ትንሽ ከጎበጠ ወዲያው ይታያል። ለእሷ የምሠራቸው ከሁሉም የጠነከሩት ናቸው።

ፀጉርና ልብስ

የሹራብ ክሩን 40 ሳንቲ ሜትር እያደረጋችሁ ቁረጡ፣ 60 ያህል ክር ይበቃል። መሃሉ ከግንባሯ እስከ ማጅራቷ በሚሄደው ክፍል ላይ እንዲያርፍ ደርድራችሁ፣ እየተመለሳችሁ መስፋት ነው። ከዚያ ሹሩባዋን እንደ ሰው ሥሩት፤ ጫፉን በቀይ ክር እሰሩ። ቁንጮ ከሆነ ደግሞ አናቷ ላይ አንድ ጭብጥ ክር ሰፍቶ መከርከም ነው፣ በአሥር ደቂቃ ያልቃል።

ለቀሚሷ ያረጀ ነጠላ ፈልጉ። 40 በ22 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ጥለቱ ታች እንዲውል ቁረጡ፤ ጥለቱ ራሱ ጠርዝ ስለሆነ መዘምዘም አያስፈልግም። ሽመና ግን መቀስ ሲነካው መተርተር ይጀምራል። ስለዚህ በምትቆርጡበት መስመር ላይ መጀመሪያ አንድ ዙር ስፉበት፣ ከዚያ ቁረጡ። ላዩን በክር ሰብስባችሁ በልኳ አጥብቁ። ከተረፈው ጥለት መቀነት ይወጣል።

ወንድ ልጅ ከሠራችሁ ከዚህም ይቀልላል። ሽርጥ ነው፤ አንድ ቁራጭ ባለ መስመር ጨርቅ ወገቡ ላይ ዞሮ ይታጠፋል። የባቲን የሰኞ ገበያ ያየ ሰው አጠቃለሉን ያውቀዋል።

ስትቆሽሽ

ልብሷን አውልቃችሁ ለብቻው እጠቡ። ገላዋን አትንከሩ፤ የሻዩ ቀለም ይደበዝዛል። በሳሙና አረፋና በእርጥብ ጨርቅ የቆሸሸውን ቦታ ብቻ አሹ። ከዚያ ገመድ ላይ በሹሩባዋ ወይም በአንገቷ እንዳታንጠለጥሏት። ሰፌድ ላይ አስተኝታችሁ በረንዳ አውጧት፣ እኩለ ቀን ላይ በሆዷ ገልብጧት።